ዓይን ያልሆነ ቀዳዳ

ቤቴ ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ፣ ባሕር ዛፉ ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ሳሠራው ለመታጠቢያ ቤቱ መስኮት አላወጣሁለትም። ረስቼ አይደለም፤ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልረሳም። የመታጠቢያ ቤቱ የጀርባ ግድግዳ ያረፈው ድንበር ላይ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ የሰው ግቢ ነው። ግንበኛው ያኔ ብሎኬቱን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ፣ «እዚህ ጋ መስኮት ካልሽ፣ የምትከፍቺው መስኮት ሳይሆን ክስ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። የሰው ግቢ የሚያይ መስኮት በእኛ ሰፈር ከስድብ ይቆጠራል። ሴት ፀጉሯን ስትታጠብ፣ ላም ስትታለብ፣ ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ የሚያይ ዓይን ግድግዳ ላይ መትከል ማለት ነው። ስለዚህ ደፈንነው።

ብቻዬን እስከኖርኩ ድረስ ምንም አልነበረም። ቶሎ ታጥቤ በሩን ክፍት ትቼው እወጣለሁ፣ ሲመሽ ደርቋል። ነገሩ የተለወጠው እናቴ ከሱሉልታ ወዲያ ካለው መንደራችን ወደ እኔ ስትመጣ ነው። እናቴ አስም አለባት። አጎቴ ቤት የማገዶ ጭስ ስለጠናባት «እኔ ጋ ነይ፣ ጭስ የለም» ብዬ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ጭስ አልነበረም። እንፋሎት ነበር።

የምትታጠበው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። የፈላ ውሃ በባልዲ አስገብታ፣ በሩን ቀርቅራ፣ አሮጌ ነጠላዋን እንደ ገመድ ጠምዝዛ በበሩ ስር ትወትፋለች። ለእናቴ ከበሽታ ሁሉ የሚከፋው ብርድ ነው፤ ብርድ ደግሞ በእሷ ቤት በበር ስር ነው የሚገባው። ሚኒባስ ላይ መስኮት የከፈተ ሰው ካለ፣ የቱንም ያህል ሙቀት ቢሆን፣ «ልጄ፣ ዝጋው እንጂ፣ ልትጨርሰን ነው?» ትላለች፤ መኪናው ሙሉ ከእሷ ጋር ይስማማል። እንዲህ ሆኖ መታጠቢያ ቤቱ እንደ ጠርሙስ ታሸገ። መጀመሪያ ኮርኒሱ ጥግ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ነገር ታየ፤ ከዚያ ጥቁር ነጠብጣብ፤ ከዚያ ሻጋታው እስከ በሩ ጉበን ወረደ። በበረኪና ፈተግሁት። የበረኪናው ሽታ ለእናቴ ከሻጋታው ባሰባት፤ ሻጋታውም ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ።

አንድ ቅዳሜ የውሃው ድምፅ ድንገት ቆመ። «እማዬ?» አልኩ። መልሱ ፉጨት የመሰለ ትንፋሽ ነበር። በሩን ገፋሁት፤ የተወተፈው ጨርቅ እንደ ሽብልቅ ያዘው። በትከሻዬ ስመታው መቀርቀሪያው ከነብሎኑ ተነቅሎ ወደቀ። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ አየር ትፈልጋለች። መድኃኒቷን አፏ ውስጥ ነፋሁላት፤ ጋቢ ደርቤ ወደ ደጅ አወጣኋት። ትንፋሿ ሲመለስ የመጀመሪያ ቃሏ «በሩን ሰበርሽው?» የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ በሩ ክፍት ሆኖ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ መተንፈሷን ለማወቅ ወሬ እያስወራኋት ትታጠብ ጀመር። አንድ ሁለቴ ቻለችው። ሦስተኛው ላይ ጣሳውን ወርውራ፣

«እኔ ሬሳ ነኝ እንዴ፣ በር ከፍታችሁ የምታጥቡኝ?» አለች።

«ማንም አያይሽም፣ እማዬ።»

«አንቺ አለሽ አይደል?»

ከዚያ ቅዳሜን ትዘል ጀመር። ፊቷንና እግሯን ብቻ ተለቃልቃ «በቃኝ» ትላለች። መንደር ሳለች ሰው ሳይነሣ ወንዝ ወርዳ ታጥባ የምትመለስ፣ በዕድሜዋ ሙሉ ገላዋን ሰው ያላየባት ሴት ናት። የቀረባት ውሃው እንዳልሆነ ገባኝ። የቀረባት መቀርቀሪያው ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ የማታ ትምህርት ቤት። እናቴ ያን የምትፈራውን ብርድ ጋቢ ደርባ ችላ፣ ትምህርት እስኪያልቅ ከበሩ ውጪ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ከወራት በኋላ፣ «እማዬ፣ አትጠብቂኝ፤ ስትቆሚ ሕፃን የሆንኩ ይመስለኛል» አልኳት። ከማግስቱ ጀምሮ ቀረች። ስለዚህ ደጃፍ ላይ ሰው ሲቆምብሽ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴ በሯን ዘግታ እንድትታጠብ ወሰንኩ። ለዚያ ደግሞ እንፋሎቱን እየሳበ የሚያወጣ ማራገቢያ ግድግዳው ላይ መግባት አለበት።

ዓመቱ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ዓመት ነበር። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት ከእኛ ከተሞች ጋር ያቀናጃል የተባለው ፕላን የገበሬውን መሬት ሊበላ ነው ተብሎ፣ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ሰው ተነሥቷል። ጠዋት የወሰደሽ ሚኒባስ ማታ ላይመልስሽ ይችላል። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ኢንተርኔት ይጠፋል፣ የተኩስ ድምፅ ተሰማ ይባላል፣ ማን እንደተጎዳ በሹክሹክታ ይወራል። በዚህ መሐል ማራገቢያ ፍለጋ መውጣት ዕብደት ይመስላል። የእናቴ ደረት ግን መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም።

የምሠራው አዲስ አበባ፣ ማተሚያ ቤት ነው፤ አራሚ ነኝ። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ ተራ ገባሁ። ነጋዴዎቹ «ኤግዞስት» ይሉታል። አንዱ ሱቅ፣ ጫት ያበዛ የሚመስል ቀልደኛ ሻጭ ተቀበለኝ።

«ለምግብ ቤት ነው?»

«ለመታጠቢያ ቤት።»

«ሆቴል ነው? ስንት ሰው ነው የሚታጠበው?»

«እናቴ።»

«ለአንድ እናት!» ብሎ ሳቀ። «እቱ፣ በሩን ክፈቺላት፣ በቃ!»

«በሩን እንድትዘጋው ነው የምፈልገው» አልኩት።

መጀመሪያ ያወረደው ከፊቱ መብራት ያለው፣ ነጭ፣ ቆንጆ ነገር ነበር። ሲሰካው ድምፁ እንኳ አይሰማም። ከቦርሳዬ የእርማት ወረቀት አውጥቼ አፉ ላይ አስጠጋሁና ለቀቅሁት። ወረቀቱ ቀስ ብሎ መሬት ወረደ። ማተሚያ ቤት ውስጥ ማሽኑ ወረቀት የሚያነሣው በአየር ስቦ ነው፤ ስቦ ያልያዘ ማሽን ፊት ቆሜ ብዙ አምሽቻለሁና ይህን ፈተና የሚያስተምረኝ አላስፈለገኝም። ሁለተኛውን አወረደ፤ ትልቅ፣ ብረት። ወረቀቴን ነጥቆ ያዘው፤ ግን ወፍጮ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

«ይሄ ይጮኻል። እናቴ ከጮኸባት ታጠፋዋለች።»

«እናትሽን ነው ወይስ እንፋሎቱን ነው የምታስወጪው?»

«ሲጠፋ የሚዘጋ ክዳን ያለው አለህ? ንፋስ እንዳይመልስ።»

ይህን ስጠይቀው ቀልዱን አቆመ። ከኋላ መካከለኛ የሆነ፣ መልክ የሌለው፣ ሲበራ የሚከፈቱ ሲጠፋ የሚደፉ ላሜራዎች ያሉት አመጣልኝ። ወረቀቴን ጥፍ አድርጎ ያዘ። ድምፁ ሩቅ የሚሄድ መኪና ነው። እንዲያጠፋው፣ እንዲያበራው፣ እንደገና እንዲያጠፋው አደረግሁት። «ልጄን ስድር እንኳ ሙሽራውን እንዲህ አልፈተንኩም» እያለ ጠቀለለልኝ።

ስመለስ ሚኒባሱ አስኮ ላይ አራገፈን፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። ካርቶኑን አቅፌ በእግሬ ገባሁበት። ድንጋዩ ጋ ከቆሙት ወጣቶች አንዱ እጁን ዘረጋ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«አየር ማስወጫ።»

«የምን ማስወጫ?»

«አየር። ለመታጠቢያ ቤት። እናቴ አስም አለባት።»

እርስ በርስ ተያዩ። ካርቶኑን ከፍቶ አንገቱን አስገብቶ አየና፣ «እኛ እዚህ አየር አጥተን ቆመናል፣ እሷ አየር ልታስወጣ ነው!» አለ። ሳቁ። አንዱ ካርቶኑን መልሶ ዘጋልኝና «ደርቢ፣ እናቴ፣ ደርቢ» አለኝ፤ እለፊ ማለቱ ነው። አለፍኩ። ካርቶኑን ሳይጨረማመት ቤት አደረስኩት።

ኤሌክትሪሺያኑ የመጣው መንገዱ ለአንድ ቀን ሲከፈት ነው። በሙያው የሚተማመን ጎልማሳ ነው። ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ።

«እዚህ ኮርኒሱን በስተን እንሰቅለዋለን። በግማሽ ሰዓት ያልቃል።»

«አየሩ የት ይወጣል?»

«ወደ ላይ። ኮርኒስ ውስጥ።»

«ኮርኒስ ውስጥ ገብቶስ?»

«ገብቶማ… ይጠፋል።»

«አይጠፋም። ቆርቆሮው ላይ ውሃ ይሆንና ተመልሶ መኝታ ክፍሌ ላይ ይንጠባጠባል።»

«እትዬ፣ ከተማው ሙሉ እንዲህ ነው የሚያሠራው።»

«ከተማው ሙሉ ይሻግት። እኔ ከቤት ነው እንዲወጣ የምፈልገው።»

ከቤት የሚያስወጣ ግድግዳ አንድ ብቻ ነው፤ ድንበሩ። መታጠቢያ ቤቱ በሌላው በኩል በክፍሎች የተከበበ ነው። መሣሪያውን እየሰበሰበ፣ «እንግዲያ ጎረቤትሽን አስፈቅጂ። እኔ በዚህ ጊዜ ወደ ሰው ግቢ ግድግዳ በስቼ ዱላ አልቀምስም» ብሎኝ ሄደ።

ጎረቤቴ በሰፈሩ ኦቦ ሲባሉ የሚታወቁ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ቤቴ ያረፈበት መሬት አንድ ጊዜ የአባታቸው የገብስ ማሳ ነበር፤ በብዙ እጅ አልፎ ነው እኔ ጋ የደረሰው። በመልካም ጉርብትና ኖረናል። እናቴ በኦሮምኛ ስለምታወራቸው ከእኔ ይልቅ የእሷ ጎረቤት ናቸው። ሄጄ ከማስቸገሬ በፊት ነገሩን በሥርዓት ላቅርብ ብዬ፣ በእርማት ወረቀት ጀርባ ላይ ግድግዳውን በማስመሪያ ሣልኩ። የቀዳዳውን ቦታ፣ ከፍታውን፣ ስፋቱን ሁሉ ጻፍኩ። አጥፌ ይዤ ሄድኩ።

መኸር ገብቶ ጭድ እየከመሩ ነበር፤ ክምሩ የእኔን ግድግዳ ተደግፏል። መንሻቸውን እንደያዙ ቀና አሉ።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ።»

«ናጋ፣ ናጋ። ነይ፣ ኢንተላ። እናትሽ ተሻላት?» ኢንተላ ማለት ልጅት ነው፤ ሌላ ስም ሰጥተውኝ አያውቁም።

«እሷን ብዬ ነው የመጣሁ። ለመታጠቢያ ቤቱ ትንሽ ፕላን ሠርቼ ነበር፣ አንቱ እንዲያዩልኝ…»

መንሹ ቆመ።

«ምን ሠራሁ አልሽ?»

«ፕላን… ማለቴ…»

«አንቺም?» አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። «አንቺም ፕላን ይዘሽ መጣሽ?»

የዘረጋሁትን ወረቀት አልተቀበሉኝም። በዚያ ሰሞን ሰዎች መጥተው ማሳቸው ጫፍ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተክለው እንደሄዱ፣ ለምን እንደሆነ የነገራቸው እንደሌለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው ያ ቃል ያመለጠኝ።

«ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም። ፕላን የሚባል ነገር በዚህ ግቢ አይዘረጋም። ግድግዳሽ ያንቺ ነው፤ ከግድግዳሽ ወዲህ ያለው አየር የኔ ነው። አለቀ።» መንሹን ጭዱ ውስጥ ሰኩት።

የተሳሳተ ቃል ለቅሞ በማውጣት የምኖር ሴት፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ የዓመቱን ክፉ ቃል አስቀመጥኩ። ወደ ቤት ስመለስ ልለው እችል የነበረውን ሁሉ በልቤ ደረደርኩ፤ ሐሳብ፣ ልመና፣ ምክር። ለእናቴ ስነግራት ሳል እስኪይዛት ሳቀች።

«ከቃል ሁሉ መርጠሽ እሱን? ተምረሽ ተምረሽ!»

ብዙም ሳይቆይ ከቤት ያለመውጣት አድማ ተጠራ። ሱቁ ተዘጋ፣ መኪና ጠፋ፣ እኔም ሥራ ቀረሁ። ገና እየደረሰ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ለገና ቤተ ክርስቲያን አልሄድም» አለች።

«ለምን?»

«በዚህ ገላ? አልሄድም።»

«ላጥብሽ፣ እማዬ። ዓይኔን ጨፍኜ።»

«በር ከፍቼ አልታጠብም ብያለሁ፤ ጨርሻለሁ።»

በሕይወቷ ገናን ቤት የዋለችበት ዓመት የለም። ተነሥቼ ወጣሁ። ወረቀት አልያዝኩም። ኦቦ አጥራቸው ጋ ተቀምጠው ነበር፤ በአድማው እሳቸውም ሥራ ፈተዋል። ሁለት እጆቼን ዘርግቼ አሳየኋቸው።

«ኦቦ፣ ምንም አልያዝኩም። የእናቴን ግድግዳ መጥተው በዓይንዎ ይዩልኝ። ካዩት በኋላ እምቢ ካሉኝ ሁለተኛ አላነሣውም።»

እጆቼን አዩ። ከዚያ በግድግዳው ወዲያ የእናቴ ሳል ተሰማ፤ ለእኔ አድልታ የሳለችው ሳይሆን የዘወትሩ ሳል። ዱላቸውን አንሥተው ተከተሉኝ።

ከእናቴ ጋር በኦሮምኛ ስለ ደረቷ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ዘመኑ ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው መታጠቢያ ቤቱ ገቡ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት። መዳፋቸውን አሸተቱት።

«እህል እዚህ ብታስቀምጪ በሳምንት ይበቅላል» አሉ። «አንቺ ሰው አስቀመጥሽበት።»

«ለዚህ ነው የመጣሁ።»

«ቀዳዳው ምን ያህላል?»

በሁለት እጆቼ ክብ ሠርቼ አሳየኋቸው።

«ዓይን አያሳይም?»

«ክዳን አለው። የሚከፈተው ሲዞር ብቻ ነው፤ ሲዞር ደግሞ ዓይን አያሳልፍም። ከቁመቴም በላይ ነው የሚሆነው።»

«ወንበር ላይ ወጥተሽ ብታይስ?»

«ወንበር ላይ ወጥቼ ጭድ ልይ፣ ኦቦ?»

እናቴ ከሳሎን ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ጥያቄው የምር ነበር። ግድግዳውን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ «ኢጃ ሚቲ፣ ፉኛን» አሉ፤ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ዓይን አይደለም፣ አፍንጫ ነው። በእሳቸው ሕግ ነገሩ እዚያ ላይ ተፈታ። ወደ ሰው ግቢ ማየት ነውር ነው። መተንፈስ ግን ማንም ይተነፍሳል።

ሁለት ነገር አዘዙኝ። ቱቦው አፉን ወደ ታች ይደፋ፣ እንፋሎቱ ጭዱን እንዳያረጥብ። ሁለተኛው፣ «በእኔ በኩል ያለውን ራሴ ነኝ የምሰብረው። ሰው ከዚያ ሆኖ ግድግዳ ሰብሮ ወደ ግቢዬ አይመጣም።»

«ቶሌ!» ብላ እናቴ በእኔ ፋንታ እሺ አለች።

በዚያው ከሰዓት እኔ በውስጥ፣ እሳቸው ጭዱ ላይ ቆመው በውጭ፣ መሮና መዶሻ ያዝን። ሁለቱ ቀዳዳዎች መገናኘት አለባቸው። እኔ ሜትሬን ከጣሪያው ዘረጋሁ።

«ኦቦ፣ ከጣሪያው ጫፍ ሁለት ስንዝር ይውረዱ!»

«በማን ስንዝር? ባንቺ ወይስ በኔ?»

«በአንቱ!»

«በኔ ስንዝር ቢለካማ ኖሮ ቤትሽ እዚህ ባልሆነ!» ሲስቁ ሰማኋቸው፤ ከዚያ ፕላን ወዲህ መጀመሪያዬ ነበር።

ስንዝሩንም ሜትሩንም ትተን በማንኳኳት ተግባባን። እሳቸው ሲመቱ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ድምፁ የበረታበትን በከሰል አከብባለሁ። ልስኑ ረገፈ፤ የብሎኬቱ ሆድ ባዶ ስለሆነ ከዚያ በኋላ አልከበደም። መሮዬ ድንገት ሸሸኝ፤ ብርሃን ገባ። ያ ክፍል ከተሠራ ጀምሮ የቀን ብርሃን አይቶ አያውቅም። በቀዳዳው የኦቦ አንድ ዓይን ከእኔ ዓይን ጋር ገጠመ፤ ወዲያው ፊታቸውን አዙረው፣ «አላየሁም! አላየሁም!» አሉ።

አድማው ሲያበቃ ኤሌክትሪሺያኑ ተመለሰ። ማራገቢያውን ገጠመ፣ ቱቦውን ወደ ታች ደፋ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ከበሩ ውጪ አደረገ። የፈላ ውሃ በባልዲ አስገብተን አበራነውና በሩን ከውስጥ ዘጋን። ዞረ። እንፋሎቱ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ኮርኒሱ ጥግ እንደ ወትሮው ተሰበሰበ።

«አቅም የለውም» አለ። «ትልቁን መግዛት ነበረብሽ። አሁንም ቢሆን…»

«ቆይ» አልኩት።

የእርማት ወረቀት አምጥቼ አስጠጋሁት። ወደቀ። መርካቶ ላይ ይኸው ማራገቢያ ይኸንኑ ወረቀት ይዞታል። ስለዚህ የተለወጠው ማራገቢያው አይደለም። ሱቁ ደጁ ለመንገድ ክፍት ነበር፤ የሚስበው አየር ይገባለታል። ወደ በሩ ስር አየሁ። የእናቴ ነጠላ፣ ተጠምዝዛ፣ ከውጭ በኩል ጥቅጥቅ ተደርጋ ተወትፋለች። አዲሱ ቀዳዳ ብርድ ያመጣል ብላ እኛ ሳናያት ወትፋው ኖሯል። በሩን ከፍቼ ነጠላዋን አነሣሁ፣ መልሼ ዘጋሁ። ወረቀቱ ከእጄ ተነጥቆ ማራገቢያው ላይ ጥፍ አለ።

እናቴን ጠራኋት። ነጠላዋን መልሼ ወተፍኩ፤ ወረቀቱ ወደቀ። አነሣሁ፤ ያዘ።

«ድገሚው» አለች።

ደገምኩት።

«አምጪ እስቲ» ብላ ወረቀቱን ራሷ ይዛ ሞከረች። ምን እንደተጻፈበት አታነብም፤ ወረቀቱ ያለውን ግን አነበበች።

«ታዲያ በበር ስር የሚገባው ብርድ አይደለም?»

አልዋሸኋትም። «ነው፣ እማዬ። ግን ይገባና ይወጣል። አይቀመጥም። የሚያልፈውም በእግርሽ ላይ ነው።»

«በእግሬ!»

«ካልሲ ያድርጉ፣ እማማ» አለ ኤሌክትሪሺያኑ።

«ካልሲ አድርጌ ልታጠብ? ይሄስ ጤናም የለው!» ብላ ገላመጠችው። ከዚያ በርጩማውን፣ ባልዲውን፣ በሩን በዓይኗ ለካች። «እግሬ ሳፋ ውስጥ ይሁን» አለች በመጨረሻ። «ሙቅ ውሃ ሳፋ ውስጥ። ብርዱ በላዩ ይለፍ።»

በገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አዲሱን መቀርቀሪያ በረጃጅም ብሎን አሰርኩት። ሳፋውን፣ ባልዲውን፣ በርጩማውን አስገባሁላት። መድኃኒቷን እጇ የሚደርስበት አስቀመጥኩ። ነጠላዋን አጥፌ አልጋዋ ላይ አኖርኩ። ገባች። በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ተገፋ፤ ጥርት ያለ፣ ሙሉ ድምፅ ነበር። ማራገቢያውን አበራሁ።

ውሃ ሲፈስ ሰማሁ። ጣሳው ባልዲውን ሲነካ ሰማሁ። ከዚያ ፀጥ አለ። እጄን በሩ ላይ አደረግሁ፤ አልገፋሁትም። ትንፋሿን ለመስማት ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ የሚሰማው የማራገቢያው ሩቅ መኪና ብቻ ነው።

«አሁንም እዚያ ቆመሻል?» አለች ከውስጥ።

«አይ።»

«ጥላሽ በበር ስር ይታየኛል።»

ወደ እግሬ አየሁ። ጨርቁ በነበረበት ክፍተት የሳሎኑ ብርሃን ይገባል፤ በብርሃኑ መሐል ሁለት እግሮቼ።

«አትጠብቂኝ» አለች። ድምፅዋ ፉጨት የለውም። «ሂጂ።»

ሄድኩ። ከቤት ወጥቼ ግቢው መሐል፣ እጄ የሚሠራው ነገር አጥቶ ቆምኩ። ከግድግዳው ወዲያ ኦቦ ለከብቶቻቸው ጭድ ይመዝዙ ነበር፤ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ድንገት ቆመና፣

«ኢንተላ!» ብለው ተጣሩ። «ፉኛንሽ እየተነፈሰ ነው!»

«እናቴ ናት፣ ኦቦ» አልኳቸው።